አራቱ ሐዘንተኞች

በዚያ ክረምት ሰበታ፣ በእኛ ግቢ በረንዳ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። ጋሽ ንጉሤ፣ የጅማ መንገድ ሾፌር፣ የግቢያችን ተከራይ፤ የሸክላ ማጫወቻው የእሳቸው ነው። እናቴ። እህቴ አስቴር፣ ከእኔ ከፍ የምትለው። ጓደኛዬ ቶሎሳ፣ ከአጥራችን ማዶ። አባቱ ኦቦ ገመቹ፤ እሳቸው እንኳ ከእርሻ ሲመለሱ አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ እንጂ ገብተው ተቀምጠው አያውቁም፣ ግን ነበሩ። ክረምቱ ከተጋመሰ በኋላ ዳንኤል፣ የጋሽ ንጉሤ የእህት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው። እኔ። በሸክላው ሽፋን ላይ ደግሞ አራቱ ፈረንጆች።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ሽታ ነው። በቀደም ዓለም ገና፣ በአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ደጃፍ ሳልፍ፣ ሰውየው ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ቆርቆሮ ላይ ደርድሮ ፀሐይ ላይ አስጥቷቸዋል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ሲሞቅ ደግሞ አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ማሸጊያ ይለሰልስና ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ዳንኤል ትዝ አለኝ፤ ከዳንኤል ጋር ደግሞ ያ ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ነገር። የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ንጉሤ ማጫወቻውን ያገኙት ጅማ ያስተምር ከነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። አገሩ ሊገባ ሲል ዕቃውን እስከ አዲስ አበባ ጫኑለት፤ እሱም ማጫወቻውንና አንዲት ሸክላ ሰጣቸው። ሲዘጋ ሻንጣ ይመስላል። ድምፁ የሚወጣው ከክዳኑ ነው፤ ድንጋዮቹ ከሥር ይገባሉ። ግቢያችን መብራት ስላልገባ እንደዚህ ያለው ነበር የሚያዋጣን። ታዲያ ማጫወቻው መጣ ብለን ገና ሳንፈነጥዝ የጋሽ ንጉሤ እህት አዲስ አበባ ሞተች። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ሄደች። ጋሽ ንጉሤ ጺማቸውን ለቀቁ፣ ማጫወቻውን አልጋ ሥር አስገቡት። ሐዘን ባለበት ቤት ዘፈን እንደማይከፈት የማያውቅ ልጅ የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሽፋኑን ማየት ግን አልተከለከለም። ጋሽ ንጉሤ ከመንገድ ተመልሰው ካልሲያቸውን ሲያጥቡ እኔ በራፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። አራት ወንዶች የታጨደ ማሳ መሃል ቆመዋል። ኮት ለብሰዋል። ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፤ ጺማቸው አልተነካም። አንዱ ወፍራም ነው፣ በትር ይዟል። አንዱ አንገቱን ደፍቷል። አንዱ ቀጥ ብሎ ያያችኋል። ዳር ላይ ያለው ፊቱን አዙሮ ወደ ሩቅ ያያል። አንዳቸውም አይስቁም። እኔ እስከዚያ ድረስ ፀጉሩን የሚያሳድግ ወንድ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር የማውቀው፤ ባሕታዊና ሐዘንተኛ። ባሕታዊ ደግሞ ኮት አይለብስም።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «ማን ሞቶባቸው ነው?»

«እነማን?»

«እነዚህ።»

እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ አደራርቀው ሽፋኑን ተቀበሉኝ። «ፈረንጅ እኮ ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ቆይተው «አንተ ማን ሞቶባቸው ይመስልሃል?» አሉኝ።

«እናታቸው። ይሄ ፊቱን ያዞረው ትንሹ ነው። ስትሞት አልነበረም፤ ሌላ ቦታ ነበር። ለዚህ ነው የማያየን።»

እኔ ብዙ የምናገር ልጅ አልነበርኩም። ይህን ሁሉ አንዴ በመናገሬ ራሴም ደነገጥኩ። ጋሽ ንጉሤ ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ሳቡት። «ለቅሶ ከሆነማ ነውር የለውም፣» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለክዳኑ። መርፌዋን ሊያወርዱ ሲሉ እጃቸውን መለሱ። «መሪ የለመደ እጅ ነው፣ ይቧጭራታል። ና አንተ አውርዳት።»

አወረድኩ። መጀመሪያ ጭርታ መጣ፤ ከጭርታው ውስጥ ድምፅ ወጣ። ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ። ቃሉ ይጎተታል፤ ከበሮው እየቆየ ይመታል፣ አስከሬን የሚሸኙ ሰዎች ሄድ ብለው ቆም እንደሚሉት። እናቴ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ ከማድ ቤት ወጥታ አዳመጠች። «ነፍስ ይማር፣» አለች። ጋሽ ንጉሤ ዘፈን በመክፈታቸው አልወቀሰቻቸውም።

ኦቦ ገመቹ በሬዎቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ አጥሩ ላይ ቆሙ። «ኤኙቱ ዱኤ?» ብለው ጠየቁ፣ ማን ሞተ ማለታቸው ነው።

«የፈረንጆቹ እናት፣» አለ ቶሎሳ፣ እኔ የነገርኩትን እንደ ራሱ አድርጎ።

«ዋቃዮ! ስንት ናቸው ልጆቹ?»

«አራት ወንድ።»

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እስኪያልቅ ድረስ ሰሙና «በደንብ አለቀሱላት፣» ብለው በሬዎቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

እንግዲህ ሰው የአንድ ባንድ ወዳጅ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እኛ የሆንነው እንደዚህ ነው። ለቅሶ ደራሽ ሆነን። አራቱን ተከፋፈልናቸው። ቶሎሳ ባለ በትሩን ወሰደ። አስቴር አንገቱን የደፋውን ወሰደች። የእኔ ፊቱን ያዞረው ነበር። ቀጥ ብሎ የሚያየውን ማንም ስለፈራው ለጋሽ ንጉሤ ተተወ።

ድንጋዮቹ ፈረንጁ ካስገባቸው ጀምሮ አልተለወጡም፤ ሁሌም ይደክማሉ። ስለዚህ ፀሐይ ፍለጋ ሥራችን ሆነ። ክረምት ነው፤ ፀሐይ ለአንድ አፍታ ከወጨጫ ተራራ ጀርባ ብቅ ትልና ትጠፋለች። ድንጋዮቹን በቆርቆሮ ሳህን ይዘን፣ መጀመሪያ የእኛ የድንጋይ ካብ ላይ፣ ደመና ሲጋርደው የእነ ቶሎሳ በረት ጣራ ላይ፣ እዚያም ሲጋርደው ወደ መንገዱ እንሮጣለን። ጠብታ ሲጥል ሸሚዛችን ውስጥ እንከታቸዋለን፤ ሆዳችን ሬንጅ ሬንጅ ይላል። ፀሐይ በበዛበት ቀን ሐዘኑ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ከሳምንት ዝናብ በኋላ ግን አራቱ ቃል ማውጣት ያቅታቸዋል። ያን ጊዜ አስቴር በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ መርፌዋን ይዤ አያታለሁ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ስታድር ኖራ በእኔ ምክንያት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ተረግጣ ወይም ተነክሳ ካለቀሰችው በስተቀር። ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

እኔና ቶሎሳ ፀጉራችንን ማሳደግ ጀመርን። ኦቦ ገመቹ አንድ ቀን ቶሎሳን መቀስ ይዘው ሲጠሩት አልላጭም አለ። ግቢያቸው ተናወጠ።

«አባትህ ሳልሞት ነው ፀጉር የምታሳድገው? ቆሜ ልታለቅስብኝ?»

«ለእርስዎ አይደለም አባዬ!»

«ለማን ነው ታዲያ? ለእናትህ?»

«ለፈረንጆቹ እናት!»

«እኔ አላውቃት! ለማላውቃት ሴት በቤቴ ፀጉር አይበቅልም!» ብለው እስከ ወንዙ አባረሩት። አልያዙትም፤ ፀጉሩ ተረፈ።

ዳንኤል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከአውቶቡስ ሲወርድ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ለብሷል፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ፣ ኮፍያው ከራሱ የተሰፋ። እኛ ዝናብ ሲመጣ ጆንያ ነው የምንደፋው። ኮፍያውን ገፋ ሲያደርግ ፀጉሩ ታየ። ከእኔ ይረዝማል፤ ከቶሎሳም ይረዝማል። አራቱን ከእኛ ቀድሞ አውቋቸዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በአንድ ጊዜ ሁለተኛ ሆንኩ። የጋሽ ንጉሤ እህት እንደሞተች አውቅ ነበር፤ የሞተች እህት የሆነ ልጅ እናት ልትሆን እንደምትችል ግን አላሰብኩም።

በረንዳው ላይ ሽፋኑን ሲያይ «አውቃቸዋለሁ፣» አለ። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራ። ስሞቹ አፋችን ውስጥ አልገቡልንም። የእኔን ትንሽ ወንድም፣ ፊቱን ያዞረውን፣ በጣቱ ነክቶ «ይሄ ከበሮ መቺው ነው፣» አለ። እኔ ትንሹ መሆኑን እንጂ ምን እንደሚሠራ አስቤ አላውቅም ነበር። ቀናሁ፤ የራስህን ዘመድ ሥራ እንግዳ ሲነግርህ እንደሚሰማው።

መርፌዋን አወረድኩ። ሐዘኑ ጀመረ። ዳንኤል ፊቱ ተለወጠ።

«አጥፉት፣» አለ።

«ምን?»

«አጥፉት! እንደዚህ አይደለም። ድንጋዩ ደክሞ ነው። እኛ ቤት በመብራት ነው የሚሠራው፣ አውቀዋለሁ።» ከሻንጣው አዲስ ድንጋዮች አወጣ፤ ለእጅ ባትሪው ለመንገድ የተገዙለት ናቸው። ማጫወቻውን ገለበጠና የእኛን ድንጋዮች፣ በሆዴ ያሞቅኳቸውን፣ ሣሩ ላይ ወረወራቸው።

ከዚያ የሆነውን መቼም አልረሳም። ዘፈኑ ዘለለ። ዶሮዎቹ ከበረንዳው ሥር ወጥተው በረሩ። ከበሮው ፍሬን እንደ በጠሰ መኪና ቁልቁል መጣ፤ አራቱ በቀጭን በወጣት ድምፅ ይጮኻሉ፣ አንዱ መሃል ላይ ይስቃል። ይስቃል! አስቴር መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ትከሻዋ ብቻውን መንቀሳቀስ ጀመረ። ቶሎሳ ጭቃው ላይ ይዘል ነበር።

እናቴ ሮጣ ወጣች። «ንጉሤ! በሐዘን ቤት? ሰው ምን ይላል?»

«ተዪው እትዬ፣» አሉ ጋሽ ንጉሤ። ዳንኤልን ነበር የሚያዩት። «ልጁ ይጫወት። ተዪው ይጫወት።»

ልጁ። እኔስ ምንድን ነኝ? ብዬ አሰብኩ።

«ታዲያ ስለ ምንድን ነው ዘፈኑ?» አለች አስቴር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንድ መኪና፣» አለ ዳንኤል። «ማንም አልሞተም።»

ቶሎሳ ወደ እኔ ዞረ። «ሽፌ! እናታቸው ተነሣች በላ!»

ሁሉም ሳቀ፤ ጋሽ ንጉሤ እንኳ ጺማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ዳንኤል ብቻ አልሳቀም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በሰበታ ልጅ ለመሳቅ እንኳ ንቆን ነው ብዬ ያን ለብቻው ያዝኩበት። ዘፈኑ ሲያልቅ «ድገመው!» ተባለ፤ ጋሽ ንጉሤም «ዳኒ ያውርዳት፣» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳው ላይ አልወጣሁም። ከማድ ቤቱ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ዳንኤል መርፌዋን ከጠርዙ ገባ አድርጎ ነው የሚያሳርፋት፤ የመጀመሪያዋን ጭርታ ይዘላታል። እኔ አንድም ቀን ዘልያት አላውቅም። ይህን ማንም አላስተዋለም። አስቴር የካፖርቱን ቁልፍ ተከለችለት። እናቴ ወጥ ስትጨልፍ መጀመሪያ ለእሱ፣ ከሥጋው በኩል። ኦቦ ገመቹ ሳይቀሩ «አካም ጅርታ፣ ኢልመ ኮ» ይሉታል፣ እንዴት ነህ ልጄ ማለት ነው፤ እኔን አጥር ለአጥር ተወልጄ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ቶሎሳ ፀጉሩን እንደ ዳንኤል ወደ ኋላ በውኃ መለጠፍ ጀመረ።

አሮጌዎቹን ድንጋዮች ከሣሩ ውስጥ ለቅሜ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ካቡ ላይ አሰጣቸዋለሁ። ማንም የሚፈልጋቸው የለም፤ እኔ ግን አሰጣቸዋለሁ።

«ለማን ነው?» ይለኛል ቶሎሳ። «ሊፈለፈሉልህ ነው?»

ድንጋዮቹን በሌላ ጎናቸው አገላብጣቸዋለሁ።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እናቴ እኔን አስቀምጣ ላጨችኝ። ቶሎሳንም አባቱ በመጨረሻ ያዙት። ዳንኤል ግን በዚያ ሁሉ ፀጉር ይሄዳል፤ መቀስ ያሳየው የለም።

«እሱስ?» አልኳት እናቴን ጭንቅላቴን እያሻሸሁ። «የእሱ ለምን አይቆረጥም?»

«የእሱን ተወው።»

«ለምን?»

«ተወው አልኩህ፣» አለችና ፀጉሬን ጠራርጋ ልትጥል ሄደች። ይህንንም ከካፖርቱና ከሥጋው ጋር ደመርኩት።

መስቀል አልፎ ትምህርት ሊከፈት ሲል ዳንኤል ወደ አዲስ አበባ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሁሉም ገበያ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል። ካቡ ላይ ከድንጋዮቼ ጎን ተቀምጬ ሳለ ብቻውን መጣ። ካፖርቱን አልለበሰም።

«አሮጌዎቹ ናቸው?» አለኝ።

«ናቸው።»

አንዱን አንሥቶ አሸተተው። መልሶ በቦታው፣ በመስመሩ አስቀመጠው። ያን ማድረጉ ትንሽ አስደነቀኝ።

«የሞተችው እናታቸው ናት ብለህ ነበር አሉኝ። ማን ነገረህ?»

ሊያፌዝብኝ መሰለኝ። «ማንም። ፀጉራቸውን አይቼ ነው።»

እጁ ወደ ፀጉሩ ሄደ። ሳያስበው ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ አየሁት። ክረምቱን ሙሉ ከእኔ ይርዘም አይርዘም እያልኩ የለካሁትን ፀጉር በዚያች ቅጽበት አየሁት። ጋሽ ንጉሤን አሰብኩ፣ ጺማቸውን፣ የሞተችውን እህታቸውን። ከእኔ ጭንቅላት ላይ የተላጨው ሁሉ ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

«ትንሹስ?» አለ። «የትንሹን ንገረኝ።»

«ስትሞት አልነበረም። ሌላ ቦታ ነበር።»

«ትምህርት ቤት፣» አለ ዳንኤል።

«እሺ። ትምህርት ቤት።»

ማጫወቻውን አወጣን። አሮጌዎቹን ከተትን፤ ሙቅ ነበሩ። «አንተ አውርዳት፣» አለኝ። ከጠርዙ ላይ አወረድኳት። ጭርታው መጣ፤ ከጭርታው በኋላ አራቱ፣ ከጉድጓዳቸው፣ እየቆሙ እየሄዱ። ዳንኤል ጉልበቱ መሃል ፊቱን ቀብሮ እስከ መጨረሻው ሰማ። አስቴር ታለቅስ የነበረው እንደ ተመልካች ነው፤ ይህ ሌላ ነበር። እና እውነቱን ለመጻፍ ከሆነ፣ እዚያ ቁጭ ብዬ እንኳ ቀናሁበት። ሐዘኑን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቱ ግን እሱ ሆነ።

«እነዚህን ድንጋዮች ትሰጠኛለህ?» አለ ሲያበቃ።

«እናንተ ቤት በመብራት አይደል? ምን ያደርጉልሃል?»

ዓይኑን ከድንጋዮቹ ላይ አላነሣም። በመብራት የሚሠራ ማጫወቻ አይደክምም። እዚያ አዲስ አበባ ቤቱ ውስጥ አራቱ ሁልጊዜ ይጮኻሉ፣ ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ ሊያስለቅሳቸው አይችልም። ያን ፊት አወቅኩት። ከማድ ቤቱ ጀርባ እኔ ይዤው የከረምኩት ፊት ነው።

ድንጋዮቹን አልሰጠሁትም። አዲሶቹን መልሼ አስገባሁና ዘፈኑን በሩጫው አስነሣሁት። ከዚያ ጠቋሚ ጣቴን ከሚዞረው ሸክላ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩ፣ ዝንብ እንደሚያርፍ ያህል። ፀሐይ በበዛበት ቀን፣ ድንጋዮቹ በርትተው አራቱ ሲፈጥኑብኝ፣ ማንም ሳያየኝ የማደርገው ነበር። ድምፁ ወረደ። ከበሮው ቆም ቆም አለ።

«አንተ ሞክረው።»

ሲሞክር በጣም ተጫነውና ሸክላው ቆመ። «በጥፍርህ አይደለም፣ በሥጋው። እንዳልያዝከው አድርገህ ያዘው።» እንደገና ሞከረ። ለአፍታ ፈጠነ፣ ዘገየ፣ ከዚያ ተስተካከለና ወደ ጉድጓዱ ገባ። ዳንኤል ጣቱን እያየ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር።

በማግስቱ አዲሶቹን ድንጋዮች ወደ እጅ ባትሪው መልሶ በአውቶቡስ ሄደ። ካፖርቱን ለቶሎሳ ትቶለት ነበር። ለእኔ ምንም አልተወልኝም፤ ጠብቄ ነበር። መንገዱ ዳር ቆሜ አውቶቡሱ ወደ ዓለም ገና ሲታጠፍ አሰብኩ፦ አሁን እሱ ሁለቱም አሉት፣ የሚጮኹትም የሚያለቅሱትም። እኔ የቀረኝ የሚያለቅሱት ናቸው፤ እነሱም ፀሐይ ካለ ብቻ።

ይህን የምታነቡ፣ በዚያ በረንዳ ላይ የነበራችሁ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። አስቴር፣ በዚያ ቀን ትከሻሽ ብቻውን ነው የተንቀሳቀሰው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ካልሆነ አርሚኝ። ቶሎሳ፣ አባትህ ያባረሩህ እስከ ወንዙ ነው ወይስ እስከ ድልድዩ? ካፖርቱስ የት ደረሰ? ጋሽ ንጉሤ፣ ያን ቀን ሽፋኑን ሲቀበሉኝ ማንም እንዳልሞተባቸው ያውቁ ነበር?

ዳንኤልን የሚያገኝ ሰው ካለ ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ብቻ ይጠይቅልኝ፤ ብቻውን ሲሆን ጣቱን ያሳርፋል?